የሕግ ተማሪ በቀን ስንት ሰዓት ማጥናት ይገባዋል?

ልጁን ወይም የዘመዱን ልጅ ሕግ እንዲማር ወደ ዩኒቨርሲቲ የላከ ሰው ሁሉ ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ነገር መጠየቁ አይቀርም፤ ይኸውም ይህ ልጅ በቀን ስንት ሰዓት ቢያጠና ይበቃዋል የሚል ነው። እኛም በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ብዙ ዓመት ስለ ቈየንና ከዳኞችም ከጠበቆችም ጋራ ስለምንውል፣ ይኸው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ቀርቦልናል። መልሳችንም እንደ ጠያቂው ፊት ይለዋወጥ ነበር። ለሰነፍ ልጅ አባት ዐሥር ሰዓት እንላለን፤ ልጅዋ እንቅልፍ ላጣባት እናት ደግሞ አራት ሰዓት ይበቃዋል እንላለን። ይህ መልስ አንዱን ለማስፈራራት ሌላይቱን ለማጽናናት እንጂ ተመርምሮ የተነገረ እንዳልነበረ ዛሬ እናምናለን። እንድናምን ያደረገን በገዛ ቤታችን የደረሰ ነገር ስለ ሆነ፣ ሳንሸሽግ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንነግር ወደድን።

የታናሽ እኅታችን ልጅ ከእኛ ዘንድ ተቀምጣ ሕግ ትማራለች። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ውጤትዋ ዝቅ ስላለ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። አባትዋም በሚኖርበት አገር ሆኖ ወሬውን በሰማ ጊዜ፣ ልጅቱ በእናንተ ቤት ሳለች ይህ ስለ ምን ሆነ ሲል ጠየቀን። እኛም ነገሩን ሳንመረምር፣ ልጅቱ ከመጽሐፍ ፊት ትቀመጣለች እንጂ አታጠናም ብለን በደብዳቤ መለስንለት። በሁለተኛው ሳምንት የመጣው የአባትየው መልስ አጭር ነበረ፤ ሌላ ማስጠንቀቂያ ካገኘች መጥቶ እንደሚወስዳት፣ ከዚያም በኋላ ስለ ትምህርትዋ ማንም እንዳያነሣበት የሚል ነው። የ20 ዓመት ልጃገረድ ትምህርትዋን አቋርጣ ወደ አባትዋ ቤት ብትመለስ የሚጠብቃትን አንባቢ ያውቀዋልና አንዘረዝረውም።

ልጅቱ የደብዳቤውን ነገር ከእናትዋ ሰማች። አንድ ቀን ከራት በኋላ ወደ እኛ ቀርባ፣ «ጋሼ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት በየቀኑ ከመጽሐፉ ጋራ ነኝ፤ እርስዎም ያዩኛል። አታጠናም ብለው የጻፉት ምን ማስረጃ ይዘው ነው?» አለችን። ዘመናችንን ሙሉ ስለ ማስረጃ ስንጽፍ የኖርን ሰዎች ነንና፣ መልስ አጥተን ዝም አልን። በማግሥቱም አንድ አዲስ ደብተር ገዝተን መዝገብ ከፈትን። ስለ መዝገቡ ወደ ፊት እንናገራለን፤ አስቀድሞ ግን የትምህርቱን ልክ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ልኩ ሳይታወቅ ጐደለ ወይም ሞላ ማለት አይቻልምና።

በዩኒቨርሲቲ የትምህርት መጠን የሚቈጠረው ክሬዲት በሚባለው ነው። የአሜሪካን የሕግ ትምህርት ቤቶች መርምሮ ዕውቅና የሚሰጠው የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በደንቡ እንደ ወሰነው፣ ለአንድ ክሬዲት በሳምንት 50 ደቂቃ በክፍል፣ ከክፍል ውጭ ደግሞ ከ2 ሰዓት የማያንስ ሥራ፣ ለ15 ሳምንት ያስፈልጋል። እንግዲህ አንድ ተማሪ 15 ክሬዲት ቢወስድ፣ በክፍል 12 ሰዓት ተኩል፣ ከክፍል ውጭ 30 ሰዓት፣ በጠቅላላው በሳምንት 42 ሰዓት ተኩል ይሆንበታል። እሑድን ለዕረፍት ብንተውለት ከክፍል ውጭ በቀን 5 ሰዓት ይደርሰዋል ማለት ነው። የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቈጥሩት በሌላ መንገድ ነው፤ የአንዱን ዓመት ትምህርት 60 ክሬዲት አድርገው ለእያንዳንዱ ከ25 እስከ 30 ሰዓት የተማሪ ሥራ ይመድባሉ፤ ይህም በዓመት ከ1500 እስከ 1800 ሰዓት ይሆናል። በ40 ሳምንት ብናካፍለው ክፍሉ ጭምር በሳምንት ከ37 ሰዓት ተኩል እስከ 45 ሰዓት ይወጣል። ሁለቱ በየመንገዳቸው ሄደው ከአንድ ስፍራ መገናኘታቸውን ስናይ፣ ቍጥሩ በግምት የተጣለ አለመሆኑን ተረዳን። የሕግ ትምህርት የአንድ የቢሮ ሠራተኛን የሳምንት ሥራ ያህል የሚፈጅ፣ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በትርፍ ጊዜ የሚሠራ አይደለም።

ይኸው የአሜሪካው ማኅበር ሙሉውን ቀን የሚማር የሕግ ተማሪ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ ተቀጥሮ እንዳይሠራ ለብዙ ዘመን ከልክሎ ነበር። ክልከላው በፈረንጅ አቈጣጠር በ2014 ቢነሣም፣ የሰዓቱ ሒሳብ ግን አልተነሣም። በቢሮአችን ቀን ሠርተው ማታ ሕግ የሚማሩ ሁለት ባልንጀሮች አሉን፤ እነርሱ በሥራ ቀን ከ2 ሰዓት በላይ፣ ቅዳሜና እሑድ ተደምሮ ከ8 ሰዓት በላይ ለንባብ አያገኙም። ይህ 18 ሰዓት ስለ ሆነ ከ9 ክሬዲት በላይ አይሸከምም። አንደኛው ይኸን ዐውቆ በዝግታ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ከቀን ተማሪ እኩል ልጨርስ ብሎ ሁለት ጊዜ ወድቋል፤ አሁንም ግን ምክር አይሰማም።

ባሕር ማዶ የተለካው ልክ በአገራችን ይሠራል ወይ የሚል ይኖራል። እንደ እኛ አሳብ የአገራችን ተማሪ ሸክም ቢበልጥ እንጂ አያንስም። በአዲስ አበባ የሕግ ፋኩልቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ በዚያን ጊዜ ዋነኞቹ የሕግ መጻሕፍት ገና አዲስ ነበሩ። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕግ ረቂቃቸው በፈረንሳይኛ ተጽፎ ወደ አማርኛ የተመለሰ ነው። የዛሬ ተማሪ ደግሞ በክፍል የሚማረው በእንግሊዝኛ፣ በፌዴራል ፍርድ ቤት የሚከራከረው በአማርኛ ነው። ስለዚህ አንዱን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ያነባል፤ ሁለቱ ባልተስማሙ ጊዜም ለምን እንዳልተስማሙ ለማወቅ ሦስተኛ ጊዜ ይመለስበታል። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ብቻውን 3367 ቍጥር አለው። የቤተ ሰብ ክፍሉ በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ ተተክቷል፤ የወንጀለኛ መቅጫው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ተሽሯል፤ የንግድ ሕጉም ከፊሉ በ2013 ዓ.ም. በወጣው ተተክቶ ከፊሉ በቦታው ቀርቷል። ተማሪው እንግዲህ ሕያውን ከተሻረው መለየት አለበት። በዚህ ላይ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጕም የበታች ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ ስለ ሆነ፣ በየቅጹ የታተመው ፍርድ ሁሉ ይነበባል። ፍርድ ደግሞ እንደ ልብ ወለድ አይነበብም፤ ማን ምን ጠየቀ፣ ክርክሩ በምን ላይ ነበረ፣ ችሎቱ በምን ምክንያት ወሰነ እያሉ እየለዩ ነው። እኅታችን ልጅ በትጋት ሆና በአንድ ሰዓት ከ12 ገጽ በላይ እንደማትጨርስ በዐይናችን አይተናል።

የሰዓት ነገር በተነሣ ጊዜ ግን ልባችን ሁለት ይሆናል፤ ያደግነው በሁለት ትምህርት ቤት ነውና። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሰዓት የሚባል ነገር አልነበረም። እኛ ከዳዊትና ከጥቂት ቅኔ ባናልፍም፣ በአንድ ጎጆ አብረውን ያደሩ ታላላቆቻችን መጻሕፍት ቤት ገብተው፣ ዘመናዊው የሕግ መጽሐፍ ሳይወጣ ለዳኝነት ይጠቀስ የነበረውን ፍትሐ ነገሥት ይማሩ ነበር። አንዱ ያነብባል፣ የኔታ ይተረጕማሉ፣ ጉባኤው ሲበተን ተማሪዎቹ ተሰብስበው የሰሙትን እርስ በርሳቸው ይቀጽላሉ፤ ማለት አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያርመዋል። የቃሉ ትምህርት በሌሊት፣ የመጽሐፉ በቀን ነው፤ ለቃል ብርሃን አያስፈልግምና። በማግሥቱ የኔታ የሚጠይቁት ስንት ሰዓት ተቀመጥህ ብለው አይደለም፤ በል አሰማኝ ነው የሚሉት። ኋላ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባን ጊዜ ደግሞ ሁሉ ነገር በደወል ሆነ። በደወል ይነበባል፣ በደወል ይጻፋል፣ ደወሉ በተመታ ጊዜ ዐረፍተ ነገሩ ከመካከል ቢቀርም መጽሐፉ ይዘጋል። ልጆች ሳለን የኔታ ደወሉን ቢያዩ ይሥቁ ነበር እንል ነበር። አሁን ግን የተማሪ ሥራ ከሁለቱም አንዱ ሲጐድል እንደሚበላሽ ይታየናል።

የኔታ ያለ መጽሐፍ ያወቁትን የዘመኑ ሊቃውንት በምርመራ ደርሰውበታል። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ራሱን ፈትኖ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው የተማረውን በብዛት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀኖች መሆኑን አሳየ። በ2006 ደግሞ ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ከፍለው፣ ከፊሎቹ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው እንዲያነብቡ፣ ከፊሎቹ ግን አንብበው ከዘጉት በኋላ ያስታወሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን ዘግተው ያስታወሱት በለጡ። ፈተና የሚመጣው ከ5 ደቂቃ በኋላ አይደለምና፣ ይህ ለተማሪ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ መዝገቡ እንመለስ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በየምሽቱ ከ1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ልጅቱ ከምትቀመጥበት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠን፣ የሆነውን ሁሉ በደቂቃ ጻፍን። በዚያው ጠረጴዛ በወዲያኛው ወገን ምሕንድስና የሚማረው ልጃችን ይቀመጣል። በ6 ቀን የተቀመጠችበት 24 ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ ያነበበችው 10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ብቻ ሆነ። በዚያን ጊዜ፣ ደብዳቤአችን እውነት ነበረ ለማለት ትንሽ ቀርቶን ነበር። ዳሩ ግን የቀረው ወዴት እንደ ሄደ ስንደምር ነገሩ ተገለበጠብን። በእጅ ስልክዋ የጠፋው 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው። በመብራት መጥፋት፣ በራትና በእንቅልፍ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሄደ። የቀረውን 7 ሰዓት ከ50 ደቂቃ የወሰደው ቤቱ ነው። ቡና አፍይ፣ እንግዳ መጥቷል በር ክፈቺ፣ ሕፃኑን ሒሳብ አሳዪው፣ ሽንኵርት ላጪልኝ፣ ከሱቅ ጨው አምጪ እየተባለ፣ በ6 ምሽት ስምዋ 41 ጊዜ ተጠራ። የልጃችን ስም የተጠራው 4 ጊዜ ነው፤ ከአራቱም ሁለቱ ራት ቀረበ ለማለት ነው።

ከ41ዱ 9ኙን የጠራናት እኛ ነን። ይኸንን በገዛ እጃችን ጽፈን ስናነበው አፈርን። ከዘጠኙም አምስቱ የጎረቤትንና የዘመድን ነገር ለማየት ነበር፤ የሕግ ተማሪ በቤት አለች ከተባለ ወዲህ የአጥር ክርክር፣ የቤት ኪራይ ክርክር፣ የዕድር ክርክር ያለበት ሰው ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ይመጣልና፣ እኛም ደስ እያለን «ነይ እስቲ ይኸን ማመልከቻ እዪለት» እንል ነበር። ገና የማስረጃ ሕግ ያልተማረች ልጅ!

ልጅቱ በቀን በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት በሳምንት 6 ሰዓት ያህል ታነብባለች። ከቤቱ ጋራ ሲደመር 16 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው፤ ከሚያስፈልጋት 30 ሰዓት ግማሹን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ነገር ግን አንባቢ አንድ ነገር ያስተውል። ከእኛ ቤት የተቀመጠችባቸው 24 ሰዓት ባይነኩባት ኖሮ፣ ከ6ቱ ጋራ ልክ 30 ይሆኑ ነበር። ልጅቱ የሚገባትን ሰዓት አስቀድማ መድባ ነበረ፤ ስልክዋ የወሰደውም ቢሆን ቤቱ ከወሰደው ግማሹን አይሞላም።

መዝገቡን ለባለቤታችን አነበብንላት። መጀመሪያ ተቈጣች፤ በጠላት ቤት እንዳለሁ ትሰልለኛለህን አለች። ቀጥላም 41ና 4 የሚለውን ደግመን እንድናነብላት ጠየቀችና ጥቂት ዝም ብላ፣ «ወንዱን አልጠራም ብዬ አስቤ አይደለም፤ አፌ ወደ እስዋ ይሄዳል። እኔንም እናቴ እንዲሁ ስትጠራኝ ነው 8ኛ ክፍል ላይ የቀረሁት» አለች። በጋብቻችን ብዙ ዓመት ስንኖር ይኸን ከአፍዋ ሰምተነው አናውቅም ነበር። በ2011 ዓ.ም. ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው በተሾሙ ጊዜ፣ በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያይቱ ሴት ናቸውና በቢሮአችን ብዙ ተወርቶ ነበር፤ እኛም ደስታችንን ለባለቤታችን እያወራን፣ ያን ምሽት ቡናውን ማን እንዳፈላው አላስተዋልንም።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን የተደረገው ይህ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ልጅቱም ልጃችንም አይጠሩም፤ ሥራ ካለ ከ1 ሰዓት በፊት በሁለቱ መካከል ይከፈላል። ስልኩ በባለቤታችን መቀነት ውስጥ ያድራል። ባለ ክርክር ጎረቤት ቢመጣ ወደ ጠበቃ ሂድ እንለዋለን፤ ሁለት ሰዎች በዚህ ተቀይመውናል። ንባብዋም ተለወጠ። ቀድሞ መጽሐፉን ሁሉ በብጫ ቀለም እያሰመረች ሦስት ጊዜ ታነበው ነበር፤ አሁን አንድ ጊዜ በጥንቃቄ አንብባ ትዘጋውና፣ በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት እኛ እንደ የኔታ ተቀምጠን፣ እስዋ ታሰማናለች። ውል እንዲጸና የሚያስፈልጉትን በቍጥር 1678 ያሉትን ስትዘረዝር አንዱን ብትረሳ፣ እኛ መጽሐፉን ይዘን እንጠብቃታለን እንጂ አንነግራትም።

አንድ ምሽት ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኀላፊነት ስታሰማን፣ ቍጥር 2028 ላይ ደረሰች። በጥፋቱ ሌላውን የጐዳ ሰው ጉዳቱን መካስ አለበት የሚለውን ነው። ተናግራ ስትጨርስ ዐይንዋን ከእኛ ላይ አላነሣችም። ነገሩ ገባንና፣ ካሣው ስንት ይሆናል ብለን ጠየቅናት። «በቀን 5 ሰዓት፣ ጋሼ» አለች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ፍጹም ሆነ አንልም። ከአንድ ወር በኋላ መዝገቡን እንደ ገና ለ6 ቀን ብንከፍት፣ ከ24 ሰዓት 19 ሰዓት አነበበች፤ እንግዳና ለቅሶ ባለበት አገር ከዚህ የበለጠ እንዴት እንደሚገኝ አናውቅም። ፈተና ሲደርስ 9ና 10 ሰዓት ልቀመጥ ብላ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ያነበበችውን ማሰማት ስላቃታት ራስዋ ተወችው። በየቀኑ 12 ሰዓት አጠናለሁ የሚል ተማሪ ያጋጠመን እንደ ሆነ፣ አሁን የምንጠይቀው ከጎኑ ተቀምጦ የጻፈለት ሰው አለ ወይ ብለን ነው።

የመንፈቁ ውጤት በየካቲት ወጣ። ከከፍተኞቹ አይደለችም፤ ነገር ግን ማስጠንቀቂያው ተነሥቶላታል። እኛም ያን ጊዜ ለአባትዋ ሁለተኛ ደብዳቤ ጽፈን፣ የፊተኛው ያለ ማስረጃ የተጻፈ ስለ ሆነ እንዲሰረዝ ለመንነው፤ የመዝገቡንም ግልባጭ አያይዘን ላክን። ደብዳቤውን ከመላካችን በፊት ልጅቱ አንብባ ሁለት ቃል አረመችልን። ቡናውን በሥራ ቀን ምሽት የሚያፈላው ልጃችን ነው፤ እስከ ዛሬ ድረስ ይቀጥንበታል።